አዮ ያልዋጡት ኪኒን

ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ቆርቆሮውን ነው። ዱሮ ላምባ የተያዘበት፣ አፉ በመጋዝ የተቆረጠ፣ ጥግ ላይ የተጎለተ ቆርቆሮ። ፖሊሱ በሩን ከኋላዬ ሲዘጋው ጨለመብኝ። ዓይኔ ቶሎ ለመደ፤ አፍንጫዬ ግን እምቢ አለ።

"ይሄ ደግሞ የማን ሽቶ ነው?" አልኩ።

ከጨለማው ውስጥ ሁለት ሴቶች ሳቁ። እንግዲህ እኔ እንዲህ ነኝ። ቀብር ላይም ቢሆን ምላሴ አይተኛልኝም። በዚህ ምላሴ ስንት ሰው አስቄያለሁ፤ የማፍርበት ግን አንድ አለ፣ እሱን ነው ዛሬ የማወራው። የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የታሰርኩትም ባለመቁጠሬ ነው።

ያኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ መጨረሻው ላይ፣ ሄርማታ ገበያው ጥግ ቅመም እቸረችር ነበር። ኮረሪማውን፣ አብሹን፣ ጥቁር አዝሙዱን በወረቀት ጠቅልዬ ነው የምሰጥ። ጎረቤቴ አስተማሪ ነው። አንድ ቀን እቅፍ ሙሉ ወረቀት ይዞልኝ መጣና "እትዬ፣ መጠቅለያ ይሁንልዎት" አለኝ። የተማሪ ፈተና መስሎኝ መረቅኩት። ሐሙስ ገበያ ቆሞ ስጠቀልል ዋልኩ። ለካ ወረቀቱ ስለ መሬት፣ ስለ ባላባት፣ ስለ መንግሥት የተጻፈ ኖሯል! የአጋሮ ሰው አብሹን ይዞ ሲሄድ ወረቀቱንም ይዞ ሄደ። የሰቃም፣ የሊሙም እንደዚያው። በማግስቱ አንድ ፖሊስ ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ለጥፎ እያሸተተ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ዋለ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ኮረሪማው አጋለጠኝ።

"ማነው የሰጠሽ?"

"ጌታዬ፣ ወረቀት መንገድ ለመንገድ ሞልቷል።"

ሁለት ጥፊ ቀመስኩ፣ አስተማሪውን ግን አላወጣሁም። በዚያስ አላፍርም።

ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት አንዷ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የቡና መጋዘን ለቃሚ ናት፤ ያን ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እየለዩ ከሚውሉት። ሥራ አስቁመሻል ብለው ነው ያመጧት። ወረቀት በትና ነው ሲሉኝ ሰማችና እጄን ያዘችኝ።

"አንቺ ነሽ እንዴ! ለመሆኑ ወረቀቱ ምን ይላል?"

"እሱማ ብዙ ይላል" አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ሁለተኛዋ አሮጊት ናቸው፣ የዚያው የሄርማታ ሰው፣ ኮፍያ እየሰፉ ልጅ ያሳደጉ። ልጃቸው አዲስ አበባ ይማራል። ፖሊስ ሲፈልገው ጠፋ፤ እሱ እጁን እስኪሰጥ እናት ይታሰሩ ተባለ። ለቃሚዋ "አዮ" ነበር የምትላቸው፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት። እኔም አዮ አልኳቸው።

የክፍሉ ሕግ፣ አዲስ የገባ ከቆርቆሮው አጠገብ ይተኛል ነው። አዮ ግን ምንጣፋቸውን ጎተት አደረጉና "አንቺ ደክሞሻል ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ግድግዳው ጋ ተኚ። እኔ እንደሆነ መነሳት አበዛለሁ፣ ቅርቡ ይሻለኛል።"

እሺ አልኩ። "ኧረ አይሆንም አዮ" ማለት እንኳ አልመጣልኝም። የስልሳ ዓመት ሴት ቆርቆሮ ሥር አስተኝቼ እኔ ግድግዳዬን ተደግፌ አንኮራፋሁ።

አዮ ደም ብዛት አለባቸው። ጨጓራም አለባቸው። ስኳርም ጀማምሯቸዋል። ጠዋት ሴት ልጃቸው ስንቅ ስታመጣ አንዲት ትንሽ ነጭ ኪኒን አብራ ትልካለች፣ የደማቸው ናት። ውሃውን ከሰውነት አውጥታ ደሙን ታቀልላለች ብለዋቸዋል ሐኪሞቹ። ታዲያ ኪኒኗ ከተዋጠች በኋላ እስከ ቀትር ድረስ ወደ ቆርቆሮው መመላለስ ነው። እኛ ወደ ሽንት ቤት የምንወጣው በቀን ሁለቴ ብቻ ነው፤ ኪኒኗ ደግሞ የፖሊስ ሰዓት አታውቅም።

በመጀመሪያው ጠዋት ሦስተኛ ጊዜ ሲነሱ አላስቻለኝም።

"ቦኖው ተከፈተ!" አልኩ። ያኔ የሰፈር ሰው ሁሉ ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነው። "እንስራ ያላችሁ ተሰለፉ! የሄርማታ ሰው፣ ውሃ መጣ!"

ለቃሚዋ ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። ፖሊሱ በበሩ ቀዳዳ "ምንድነው ጫጫታው?" አለ።

"ቦኖ ተከፍቶ ነው ጌታዬ።"

እሱም ሳቀ። አዮም ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው "ያ ረቢ! ይቺን ምላስ ምን ብለህ ፈጠርካት!" ብለው ሳቁ። አዩልኝ፣ ሳቁ። ስለሳቁ ደስ ያላቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ፖሊሶቹ ተራ ሲቀያየሩ አንዱ ለአንዱ ነገረው። ከዚያ በኋላ በሩን በከፈቱ ቁጥር "ቦኖዋ እንዴት አደረች?" ሆነ። የልጃቸው እኩያ የሆነ ወንድ ነው እንዲህ የሚላቸው። እኔ ደግሞ "ዛሬ ግፊቷ ጥሩ ነው ጌታዬ!" እላለሁ ከውስጥ። አዮ ከሽንት በኋላ ካልታጠቡ አይሰግዱም፤ ከምትሰጠን አንድ ጣሳ ውሃ ላይ ድርሻቸውን እየቆጠቡ ወደ ጥግ ዞረው ሲተጣጠቡ፣ እሱም ላይ ቀልጃለሁ። ምን ብዬ እንደቀለድኩ አልናገርም፤ ይቺ ልጅም አትጽፈውም።

በሦስተኛው ቀን አዮ አልተነሱም።

"ምነው አዮ፣ ውሃው ተቋረጠ እንዴ?"

"ተሽሎኛል፣ አልሃምዱሊላህ።"

ምግብም ተዉ። "ሆዴን ያቃጥለኛል" ይላሉ። ውሃም ለጉሮሮ ማርጠቢያ ያህል ብቻ። ከቤት የመጣላቸውን ገንፎ ወደ እኔ ገፋ ያደርጉታል፤ እኔም እበላዋለሁ። ቅቤው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም።

ሳምንት ሳይሞላ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ሻሻቸውን አጥብቀው ያስሩታል፣ ጆሯቸው አጠገብ ያለው ደም ሥር ግን ከሻሹ በላይ ሲዘል ይታያል። እኔ ደግሞ በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት አስፕሪን ነበረኝ። ሲፈትሹኝ አላገኙትም። ለራሴ ራስ ምታት ከቤት ይዤው የምዞር ነው።

"መድኃኒት እኔ ጋ አለ!" አልኩ፣ ነጭ ካፖርት የለበስኩ ይመስል። ሁለት ሰጠኋቸው። ማታ ሁለት ደገምኩ። በማግስቱም ጠዋት፣ ማታም።

"ሆዴን በላኝ ኢንተላ ኮ" አሉኝ።

"መድኃኒት ሲሠራ እንዲህ ነው፣ ይቻሉት" አልኳቸው። እኔ፣ ሀ እና ለን የማልለይ ሴትዮ!

በማግስቱ ቀትር ላይ አዮ ቀና አሉ፣ ፊታቸው እንደ አመድ ነጥቷል፣ ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ ብለው አስመለሱ። ሮጬ ጀርባቸውን ያዝኩ። ቆርቆሮው ውስጥ አየሁ። ጥቁር ነው፣ የሚሻክር ነገር አለው።

"አይዞዎት፣ ምንም አይደል" አልኩ። "የቡና አተላ ነው።"

ለቃሚዋ መጥታ ዓይኗን ቆርቆሮው ላይ ተከለች። ቡና ሲያይ የኖረ ዓይን ነው።

"አንቺ ሴት" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "እዚህ ከገባን ቡና የት አየን?"

ያኔ ነው ደም መሆኑ የገባኝ።

በሩን ደበደብን። ፖሊሱ በቀዳዳው አይቶ "የቦኖዋ ጨዋታ ነው ደግሞ" አለና ሄደ። የራሴ ቀልድ ነው፣ የት አባቴ ልግባ? ቆርቆሮውን ብድግ አደረግኩና "ጌታዬ፣ ሐኪም ካልመጣ ይሄን በበሩ ሥር ነው የማፈሰው፣ ጫማህን አውልቅ!" ብዬ ጮህኩ። ያኔ ተመለሰ። ቆርቆሮውን አየ። ከዚያ አልሳቀም።

ድሬሰር ይዞ መጣ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያለው። የአዮን ዓይን ገልጦ አየ፣ ሆዳቸውን ጫን ሲያደርገው ጮኹ።

"ምን በላች? የዋጠችው ነገር አለ?"

ለቃሚዋ አየችኝ። ፖሊሱም በሩ ላይ ቆሟል። መርዝ አበላች ሊሉኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በወረቀቱ ክስ ላይ የነፍስ ክስ ሲጨመርብኝ ታየኝ።

"ምንም" አልኩ።

ሁለት ሆነው በቃሬዛ አነሷቸው። ሲያነሷቸው የቀሚሳቸው ጠርዝ ተተረተረና ትንንሽ ነጭ ኪኒኖች ሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉ። ልጃቸው ስትልክ የቆየችው ሁሉ እዚያ ነበር። ምላሳቸው ሥር ይደብቁና ዞር ስንል እዚያ ያስገቡት ኖሯል። ወደ ቆርቆሮው እንዳይነሱ። እኔ አዋጅ እንዳልነግርባቸው።

በሩ ተዘጋ። ለቃሚዋ ተንበርክካ ኪኒኖቹን በሁለት ጣቷ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው፣ መጋዘን ውስጥ እንደለመደችው። መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። አልተቆጣችኝም። እሷም ስቃለች እኮ።

"ተናገሪ" አለችኝ ብቻ።

በበሩ ቀዳዳ አፌን ደቅኜ ጮህኩ። "ዶክተር! ዶክተር! ዋሽቻለሁ! አስፕሪን ሰጥቻቸዋለሁ፣ በባዶ ሆዳቸው፣ ሁለት ቀን ሙሉ! የደማቸውን ኪኒን ደግሞ አልዋጡም!"

የእግር ድምፅ ቆመ። ድሬሰሩ ተመልሶ መጣ።

"ለምን አልዋጠችም?"

"ያሸናቸዋል። እኔ ሳቅኩባቸው።"

መነጽሩን አውልቆ በካፖርቱ ጠረገ። "ለራስ ምታቷ ያንኑ አስፕሪን ልሰጣት ነበር" አለ። "ጨጓራዋ ደምቷል፤ ብትደግም ትሞት ነበር። ለደሙ የሚሆን ለሆድ አይሆንም፣ ለራስ የሚሆን ለጨጓራ አይሆንም። እንደዚህ ያለ ሰው ብዙ በሽታ ነው ባንድ ገላ የተሸከመው።" ኪኒኖቹንም በቀዳዳው ተቀብሎ ሄደ። ፖሊሱም መሬት መሬት እያየ ተከተለው።

እነዚያ ቀናት እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። ምላሴ ተኛ። ለቃሚዋ "ኧረ አንድ ነገር በይ፣ ክፍሉ መቃብር ሆነ" ትለኛለች። ምንጣፌን ጎተትኩና ቆርቆሮው ሥር አነጠፍኩ።

አዮ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ፣ ቀሚሳቸው ውስጥ የሌሉ ይመስል። ምንጣፌን አዩ።

"ተነሺ፣ ያ የኔ ቦታ ነው።"

"የክፍሉ ሕግ ነው አዮ። አዲስ የገባ እዚህ ይተኛል። ተራዬን ሳልተኛ ነው የቆየሁት።"

ግድግዳው ጋ ተቀመጡ። በማግስቱ ኪኒኗ መጣች። መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ዋጧት። ቆየት አለና መቁነጥነጥ ጀመሩ፣ ግን አይነሱም። ተነሳሁ። ነጠላዬን ዘርግቼ ቆርቆሮውን ከበሩ ከለልኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ለቃሚዋ ባንድ በኩል ጫፉን ያዘችልኝ።

ከኋላዬ ሲነሱ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፣

"ምነው ዝም አልሽ? ቦኖ ሲከፈት አዋጅ የለም እንዴ?"

መሳቅ ነበረብኝ፣ እንባ መጣ። "አዮ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አልኩ፣ ጀርባዬን እንደሰጠሁ።

"አውፍ ብያለሁ። ነጠላሽን ግን ከፍ አድርጊው፣ ያ ፖሊስ ያያል።"

እስክንለያይ ድረስ፣ ማንም ይነሳ ማን፣ ነጠላው ይዘረጋ ነበር። እሳቸው ቀድመውኝ ተፈቱ። ሲወጡ እጄን ሳሙኝ፣ እኔ እግራቸውን ልስም ስል ከለከሉኝ።

አሁን የሳቸውን ዕድሜ አልፌ ሄጃለሁ። ደም ብዛቱም፣ ጨጓራውም፣ ስኳሩም እኔ ጋ ተከራይተዋል፤ ባንድ ጓዳ ሦስት ጣውንት፣ አንዷን ሳባብል ሌላዋ ታኮርፋለች። ያቺው ኪኒን ለኔም ታዘዘች። ሰው ቤት ስጠራ፣ አጋሮ ለቅሶ ልደርስ አውቶቡስ ስሳፈር፣ ዛሬንስ ልዝለላት ይለኛል ሆዴ። እንዳይስቁብኝ ነዋ። ያን ጊዜ ነው የአዮ ቀሚስ ጠርዝ ትዝ የሚለኝ። በቀረው ሁሉ እቀልዳለሁ፣ በአማቼ መላጣ መቀለድ እስከ ዛሬ አልተውኩም። በሰው ሆድና በሰው ሽንት ግን አልቀልድም።

ቅድም ይቺ ልጅ ብዕሯን አቁማ "እማማ፣ ለምን አልነገሩሽም? አፍሬያለሁ፣ አትሳቂብኝ አይሉም ነበር?" አለችኝ።

"አፈርኩ ማለት ራሱ ያሳፍራላ" አልኳት።

"ይሄንንም ልጻፈው?"

ጻፊው። ቆይ ግን፣ መጀመሪያ ደግፊኝና ልነሳ። ኪኒኔን ውጫለሁ።