የአሰቡ መዘውር በግቤ ውሃ ላይ

አብዱልሰመድ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናል። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ተቀምጦ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ናት፤ ቢሆንም ከቦሳ አዲስ እስከ አጋሮ ያለ ልብስ ሰፊ መኪናው ሲያስቸግረው የሚመጣው ወደ እሱ ነው። መደርደሪያው ላይ፣ በመርፌዎቹና በቺንጋዎቹ መሃል፣ የገባ ሁሉ ሳይጠይቅ የማያልፈው አንድ ብረት ተቀምጧል። አንዱ የሥጋ መፍጫ ነው ይላል፤ ሌላው ከድሮ ስልክ የወጣ ይመስለዋል። ሚስቱ ሳቢሃ ደግሞ "ጣውንቴ" ትለዋለች።

ብረቱ የባሕር ዓሣ ማጥመጃ መዘውር ነው። ዘንግ ላይ ይታሰራል፣ ክሩ ይጠቀለልበታል፣ በእጀታው ይዘወራል። አብዱልሰመድ በወጣትነቱ አሰብ ወደብ የክሬን መካኒክ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ ሁመድ ከሚባል አፋር ጀልበኛ ጋር ባሕር ይወርድ ነበር። ያኔ መዘውር ሦስት ነበሩት፤ ሦስቱም አመለኞች። አንዱን የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር የሰጠው። እሱ "ለፍላፊው" ነው፤ ዓሣ ክሩን በጎተተ ቁጥር ሲንጣጣ ወደቡን ሁሉ ያሰማል። ሁለተኛው "ኩሩው" ነበር። ፍሬኑ ከቆዳ ቀለበት የተሠራ ስለሆነ ጠዋት ውሃ ሳያጠጡት ሥራ አይነካም። ሦስተኛውን አብዱልሰመድ ራሱ ከሁለት ስብርባሪ ገጣጠመው። ይኼኛው ትልቅ ዓሣ ሲይዝ እጀታው ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የባለቤቱን ጣት ይቀጠቅጣል። ስሙ "ቆርጣሚው" ሆነ።

በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. አሰብን ሲለቅ የጭነት መኪናው ሊነሳ ስለነበር በጥድፊያ እጁ የገባውን ብቻ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ወጣ። ደሴ ደርሶ ሲፈታው ቆርጣሚው ነው።

"ከሦስቱ ክፉውን መርጬ አመጣሁ" ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ይህን ሲል ግን ፊቱ ይፈካል።

ባለፈው ታኅሣሥ አጵሎስ የሚባል ሰው የሚስቱን የሐዳሳን ስፌት መኪና ተሸክሞ መጣ። አጵሎስ አርባ ምንጭ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ አሁን ግልገል ግቤ ግድብ ላይ መረብ እየጣለ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው። መኪናውን አስቀምጦ ቀና ሲል ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

"ጋሼ፣ ይቺ የክር መዘውር አይደለችም?"

አብዱልሰመድ መፍቻውን አስቀመጠ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ሳይነገረው ያወቀ የመጀመሪያው ሰው ነው።

"አወቅካት?"

"ፎቶ ላይ አይቻለሁ። ትሠራለች?"

"ኤጋ፣ መሥራቱንስ ትሠራለች። ሰው ትመታለች እንጂ።"

"እንግዲያው ግድቡ ዳር ምን እየሠራሁ ነው የምኖረው? ይዘዋት ይምጡ። እዚያ ያለው አምባዛ የሰው ክንድ ያክላል።"

የዚያን ሳምንት የሱቁ ሥራ ወደ ጎን ተተወ። አብዱልሰመድ ቆርጣሚውን ብሎን በብሎን ፈታው። ከጥርሶቹ ሥር የአሰብ ጨው ነጭ ሆኖ ደርቆ አገኘና በጣቱ ነክቶ ቀመሰው፤ ማንም አላየውም። ያለቀውን የፍሬን ቀለበት ከአሮጌ የቆዳ ቺንጋ ቆርጦ ተካ፣ የስፌት መኪና ዘይት አጠጣው፣ ጠንካራ ቀርከሃ ላይ አሰረው። እሁድ ጠዋት ሊወጣ ሲል ሳቢሃ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች።

"አንቺ ደግሞ ወዴት?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ወሬዋን ስሰማ ኖሬ፣ ጣውንቴ ሥራ ስትሠራ ሳላይ ልሙት?"

በሚኒባስ ሄዱ። አጵሎስና ሐዳሳ ውሃው ዳር ጠበቋቸው። የመጀመሪያው ውርወራ አላማረም፤ መዘውሩ ከክሩ ቀድሞ ተሽከረከረና ክሩ እንዳልተበጠረ ጸጉር ተንጨባረረ። መረብ የሚጠግኑት ዓሣ አጥማጆች ሳቁ። አብዱልሰመድም ሳቀ፤ ይኼም የቆርጣሚው የድሮ አመል ነው፤ አውራ ጣትን አስደግፎ ማባበል ይፈልጋል። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ክሩን ፈታው። በሁለተኛው ውርወራ መንጠቆው ሩቅ ሄዶ ጠለቀ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የቀትሩ የዙሁር ሶላት ሰዓት ሲደርስ ዘንጉን ለሳቢሃ ሰጣት።

"ዝም ብለሽ ያዥው። ከጎተተ እጀታውን እንዳትነኪ፤ እስክመጣ ፍሬኑ ይበቃዋል።"

ውዱእ አድርጎ ራቅ ካለው ሣር ላይ ሶላት ጀመረ። ሁለተኛው ረከዓ ላይ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ላይ ሳለ ከኋላው ያንን ድምፅ ሰማ። ብረቱ ጮኸ፤ ያ አሰብ ላይ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰው የነበረው፣ ክር እየበላ የሚሄድ ዓሣ ድምፅ። ቀጥሎ ሳቢሃ በልጃቸው ስም ጠራችው።

"የፈድሊያ አባት! ማሎ፣ ቶሎ በል!"

እሱ ከሶላት አይወጣም። የቀሩትን ረከዓዎች አሳጥሮ እንደሆነ አላህ ያውቃል። ሶላቱን አሰላምቶ ዞር ሲል ሚስቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ገብታለች፣ ነጠላዋ ወድቋል፣ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ትታገላለች። አጵሎስ ሊያግዛት ቢጠጋ በክርኗ ገፋችው።

"ልቀቂው! ጣትሽን ይሰብረዋል!"

"ሁለቴ መትቶኛል! አሁን ተራው የኔ ነው!"

አብዱልሰመድ አጠገቧ ቆመ። ዘንጉን ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ መለሰው።

"ሲጎትት ተዪው" አላት ቀስ ብሎ። "ሲደክመው ጠቅልዪ። አዎ፣ እንደዚያ። አሁን ተዪው።"

ጥቂት ቆይቶ የአምባዛው ሰፊ ጭንቅላት ብቅ አለ። አጵሎስ በመረብ ተቀበለው። ዓሣው በእርግጥም የሰው ክንድ ያክላል። ሳቢሃ ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያበጠ ጣቷን ወደ ባሏ ዘረጋችለት።

"ማሻአላህ" አላት እየዳበሰው። "አሰብ ቢሆን ጀልባው ሁሉ ያጨበጭብልሽ ነበር።"

ሐዳሳ አምባዛውን በሚጥሚጣ ጠበሰችው፤ መረብ ሲጠግኑ የነበሩትም ሳይቀሩ ቀረቡ። ሳቢሃ ታሪኩን ሦስት ጊዜ አወራች፤ በሦስተኛው ዓሣው ጉማሬ ሊያክል ምንም አልቀረውም ነበር።

ወደ ጅማ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ግድቡ ከኋላ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኗን ከውሃው አላነሳችም።

"ባሕሩ ከዚህ ይሰፋል?" አለችው።

"ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ማዶው አይታይም።"

"በል ንገረኛ። ጠዋት ስትወጡ ውሃው ምን ይመስላል?"

አብዱልሰመድ ከሁመድ ጀልባ ጀመረ። ጊንጆ ወርደው የቤታቸውን በር ሲከፍቱ በወሬው ገና የመጀመሪያዋን ዓሣ እንኳ አልያዘም ነበር።