የመሃል በሩ መስታወት

መስታወት ቆራጩን ሰፈርተኛው «ጋሽ ሚሊ» ይለዋል። ልኬት በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ከተዛነፈበት እህል የማይወርድለት ሰው ስለሆነ የወጣለት ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲያሳምር ኖሯል። ለመጽሐፍ መደርደሪያ የትኛው ውፍረት እንደሚበቃ፣ ለመታጠቢያ ቤት የትኛው መስታወት ብርሃን አስገብቶ ገመና እንደሚሸፍን እሱን መጠየቅ ነው።

ወደ ራሱ ቤት ሲመጣ ግን ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው ሆነ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የምትሰፋበት ክፍል ስለጨለመባት የመሃሉን በር መስታወት እንዲያደርግላት ለመነችው። እሱም ከመስኮት ሥራ የተረፈ ስስ መስታወት አምጥቶ ገጠመላት።

«ይሄ ለበር ይሆናል እንዴ?» አለችው።

«ለጊዜው ነው። ጠንካራውን አዝዤ እቀይርልሻለሁ።»

ያ «ለጊዜው» ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ወለሉን ወልውላ ሳይደርቅ ደንበኛ ጠራቻት። «መጣሁ!» ብላ ስትቻኮል አዳለጣትና ቀኝ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። በእሳት ግሎ የጠነከረ መስታወት ቢሆን ኖሮ ወይ ይችላት፣ ወይ እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፍ ነበር። ተራው መስታወት ግን እንደ ቢላዋ ተሰንጥቆ ከክርኗ እስከ መዳፏ ተለተላት።

«ሕይወቷ ተርፏል» አለው ሐኪሙ። «የተበጠሱትን ጅማቶች ሰፍተናቸዋል። ጣቶቿ እንደ ድሮው ይሆናሉ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ጋሽ ሚሊ ቤቱ ተመልሶ ስብርባሪውን ሲለቅም አንዱን አንስቶ ጠርዙን አየው። አራት ሚሊ። ለበር አራት ሚሊ ተራ መስታወት ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር «ነፍስ ልታጠፋ ነው?» ብሎ ያባርረው ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ጣቶቿ ተኮማትረው ቀሩ፤ መርፌ መያዝ ቀርቶ የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። በየማለዳው የሚቆልፍላት እሱ ነው። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣትም፤ እሱን የገደለውም ይሄው ነበር። አንድ ጧት አልቻለም።

«ስደቢኝ እንጂ! ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ሰድቤህ እጄ ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«እንግዲያው ተወኝ። ደግሞ ቁልፉን አዛንፈኸዋል፤ ይሄ ነው ሚሊ?»

ቁልፉን ፈትቶ እንደገና ቆለፈላት።

የስፌት መኪናዋን ለእህቷ ልጅ ሰጠች። መኪናው ከቤት ሲወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች፤ የተሸከሙት ሰዎች እስኪሄዱ ድረስም አልዞረችም። ከዚያ ወዲህ ቤት መዋል ስላስጠላት ባሏ መስታወት ሱቅ እየመጣች ትውላለች።

አንድ ቀን አንድ አዲስ ሙሽራ ለሳሎን ጠረጴዛው ስስ መስታወት ሊያስቆርጥ መጣ።

«ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?» ስትል ጠየቀችው።

«ሊወለድ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ይሄ አይሆንህም። ጠንካራውን፣ ጥጋጥጉ የተሞረደውን ውሰድ።»

«ጌጥ እኮ ነው እትዬ፤ ጦርነት አልዘምትበት!»

ቀኝ እጇን የሱቁ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሙሽራው አየው፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ፤ ጠንካራውን አዘዘ። ጋሽ ሚሊ ግድግዳው ላይ የተደገፉትን መስታወቶች የሚቆጥር መስሎ ጀርባውን ሰጣቸው።

ልጁ ሲወጣ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«እጅሽን የምታሳያቸው እኔን ለመቅጣት ነው?»

«አንተን መቅጣት ብፈልግ ቤቴ እቀር ነበር» አለችው፣ እጇን በነጠላዋ እየሸፈነች። «እጄ ሌላ ሥራ የለውማ። ለዚህ እንኳ ይሁን።»

ጋሽ ሚሊ ሱቁን ዘጋና ደህናውን እጇን ይዞ ወደ ቤታቸው አዘገሙ።