ሠንጠረዡን እንደ ብራና ያነበብሁ ዕለት

በሰፈራችን ወረቀት ሲመጣ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ዳዊት ደግሜያለሁ። ቅኔ ልማር ሄጄ ቅኔው ስላልፈለገኝ ተመልሻለሁ፤ «የኔታ» የሚለው መጠሪያ ግን አብሮኝ ተመለሰ። አይገባኝም ብዬም አልተከላከልሁም።

ባለፈው ዓመት ከዘመሮ ከተማ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ለበጎቻችን የትል መድኃኒት አመጣልን። ወደ ሌላ ቀበሌ ይቸኩል ስለነበር መድኃኒቱን፣ በአፍ ማጠጫ አንድ መርፌና አንድ ወረቀት ትቶ፣ የሚያነብ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጋቢዬን አስተካከልሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠን፣ ለዜማ ጥቂት በቀረው ድምፅ አነበብሁላቸው። ትሉ ከየት እንደሚመጣና በጉን እንዴት እንደሚያከሳ የሚናገረውን አሳምሬ ተወጣሁት። ከዚያ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ መጣ። ብራና ላይ የግራውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ጨርሰህ ነው ወደ ቀኙ የምትሻገረው። እኔም በለመድሁት ወረድሁ፤ ግልገል፣ ጠቦት፣ ትልቅ በግ፣ ያረገዘች በግ። ከዚያ ተሻገርሁ፤ ሁለት ሚሊ፣ አምስት ሚሊ፣ አሥር ሚሊ፣ አይሰጥም።

ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ፣ ለአራቱ በጎቿ ስንት ስንት እንደምታጠጣ ጠየቀችኝ። አንዷ በጓ አርግዛለች፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግልገል ሞቶባት ስለነበር ያንን ፅንስ እንደ ዓይኗ ነበር የምትጠብቀው። ጢሜን ዳሰስ አደረግሁና፣ አሥሩ አይሰጥም ስለሚል ለሁሉም አምስት አምስት ነው አልኋት። መርፌው አንድ ስለሆነ እሷ ቀድማ ወሰደችው፤ ሌሎቹ ተራ ያዙ።

ወረቀቱን ላጥፍ ስል ዓይኔ ከዓምዶቹ አናት ያለውን ቀይ ጽሕፈት አየ። ብራና ላይ በቀይ የተጻፈው ቀጥሎ የሚመጣውን እንደሚናገር ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ግን ዘልዬው ነበር። በግራው «የበጉ ዓይነት»፣ በቀኙ «የሚሰጠው መጠን» ይላል። ጣቴን ግልገል ላይ አድርጌ ወደ ጎን ብገፋው ሁለት ሚሊ ላይ ቆመ። ያረገዘች በግ ላይ አድርጌ ብገፋው አይሰጥም ላይ ቆመ።

እንዴት እንደሮጥሁ የሰፈሩ ውሾች ይናገሩ፤ ሌባ መስዬአቸው ተከትለውኛል። ጎረቤቴ ደጅ ስደርስ ያረገዘችውን በግ በጉልበቷ መሃል ይዛ አፏን ከፍታለች።

«ተያት! እሷን ተያት!»

«ምነው የኔታ፣ አምስት አላሉኝም?»

«አምስት ያልሁት እኔ ነኝ እታለም። ወረቀቱ ለእሷ አይሰጥም ነው የሚለው። ወደ ጎን የሚነበበውን ቁልቁል አንብቤው ነው።»

በጓን ለቀቀቻትና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ይኼን ለመማር ነው ያን ሁሉ ዓመት ቆሎ የለመኑት?»

ቀድመው አምስት አምስት ለጠጡት ለሦስቱ ትልልቅ በጎች የጎደለውን ሞላንላቸው። ከዚያ ተራ የያዙትን ሁሉ አጥሩ ሥር መልሼ ሰበሰብሁና ስሕተቴን ነግሬ፣ ሠንጠረዡን መስመር በመስመር ወደ ጎን አነበብሁላቸው። በዕድሜዬ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም።

አሁን ወረቀት ሲሰጡኝ አፌን አልከፍትም። ገበያ እንደቀረበ በቅሎ መጀመሪያ ዞር ዞር ብዬ አየዋለሁ። ይኸኛው መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያን አድርጉ የሚል ነው፤ ይኸኛው ምክንያቱን ተናግሮ ያመጣውን ጣጣ ያስከትላል፤ ያኛው ሁለት የገብስ ዘር ጎን ለጎን አቁሞ ያወዳድራል። መልኩን ሳልለይ አልጀምርም። ቄሳችን እንኳ ከወረዳ ደብዳቤ ሲመጣላቸው፣ «እስቲ አንተ እየው፣ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ይሉኛል።

ያረገዘችው በግ ገብስ ሲያሽት ሴት ግልገል ወለደች። ጎረቤቴ ግልገሏን ታቅፋ ደጄ ድረስ አመጣቻት።

«እንግዲህ የማን ውለታ ልበል፣ የእርስዎ ወይስ የወረቀቱ?»

«የወረቀቱ» አልኋት።

እሷ ስትሄድ ግን ጋቢዬን አስተካከልሁ።