ግራ ጆሮዬና የፈረንጁ ካሴት

ያንን የፈረንጅ ዘፈን የማውቀው ከመንገድ ሥራ ነው። ጎረምሳ ሳለሁ ከወረታ ወደ ላይ መንገዱ ሲሠራ ድንጋይ ጫኝ ነበርኩ። መካኒኩ ፈረንጅ ነበር። አንድ ካሴት ብቻ ነበረው፤ ጧት ከፍቶ ማታ ይዘጋዋል። ቃሉን አንድም አላውቀው፤ ዜማውን ግን ከነመዞሪያው አውቀዋለሁ። መሐል ላይ ክራር የመሰለች መሣሪያ ብቻዋን የምታለቅስባት ቦታ አለች። እዚያ ሲደርስ አካፋዬን አቆም ነበር።

የልጄ ባል ወረታ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። አንድ ቀን ዜማውን ሳንጎራጉር ሰምቶ በስልኩ ሲፈልገው ከርሟል። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ "አባባ፣ ዘፈንዎን አገኘሁት። እንደገና አሳምረው አውጥተውታል። ካምስት ቦታ ነው የሚጮኸው" አለኝ።

ቤቱ ስገባ በየጥጉ ስፒከር ሰቅሏል። መሐል ላይ አንድ ወንበር አስቀምጧል።

"እዚህ ይቀመጡ።"

"መሐል የሚቀመጠው በሽማግሌዎች ፊት የቀረበ በዳይ ነው። እኔ ምን አጠፋሁ?"

ልጄ ሳቀች። "አባባ፣ ድምፁ እኩል የሚሰማው እኮ እዚያ ነው።"

"ጀርባዬን ሜዳ ላይ አልጥልም" ብዬ ወንበሩን ጎትቼ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አንዱ ስፒከር ከግራ ጆሮዬ አጠገብ ሆነ።

እውነቱን ልናገር። ግራ ጆሮዬ ካምና ወዲህ አይሰማም። ለማንም አልተናገርኩም። ክረምት ላይ ከሩዝ ማሳዬ ስመለስ ትራክተር ከኋላዬ መጥቶ ሊጨፈልቀኝ ሲል ሰዎች ጎትተው አወጡኝ። ልጄ ይህን ሰምታ፣ "ጆሮዎ ደክሟል፤ ማሳውን ለሌላ አራሽ ለእኩል እንስጠውና ከእኛ ጋር ይኑሩ" ብላ ያዘችኝ። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ሹፌሩ ጥሩምባ አልነፋም አልኩ። ነፍቶ ነበር አሉ። ጆሮ ካለኝ ማሳዬ የእኔ ነው፤ ከሌለኝ የሌላ ሰው በሬ ይገባበታል። ነገሩ ይኸው ነው።

ዘፈኑ ተጀመረ። ከበሮው ደረቴን መታኝ። እየጠበቅሁ ቆየሁ፤ ያችም ቦታ ደረሰች። ክራሯ ግን የለችም።

"ቆርጠዋታል!" ብዬ ጮህኩ። "አጥፊ ሁሉ! ዋናዋን ነቅለው ጥለዋታል!"

አማቼ አፉን ከፍቶ አየኝ። "ማንን አባባ?"

"የምታለቅሰዋን ነዋ! አንተ አትሰማም እንዴ?"

"እያለቀሰች እኮ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ያውም ከጆሮዎ ሥር ባለው ስፒከር።"

ቀና ብዬ አየሁት። የስፒከሩ ሆድ ይርገበገባል። አንገቴን ባዞር ቀኝ ጆሮዬ ያገኛት ነበር፤ አላዞርኩም። ማንም አልሳቀም። ልጄ ተነሥታ በቀኜ በኩል መጥታ ቁጢጥ አለች። ከመቼ ጀምሮ ነው አላለችኝም። በቀኝ መምጣቷ በቃኝ።

ስፒከርህ ተበላሽቷል ብዬ መካድ እችል ነበር። ግን ስንት ወር ሙሉ በየእርምጃው ኋላዬን ሳይ፣ ሰው ሲያናግረኝ አፍ አፉን ስጠብቅ ከርሜያለሁ። መደበቅ የፎገራን የሩዝ ማሳ ጭቃ ከማረስ ይከብዳል። ደክሞኛል።

"ማሳውን ከታች ላለው ጎረቤቴ ስጡት" አልኩ። "ሌላው ውሃ ማቆር አያውቅም፤ ሩዙን ያደርቀዋል። ውሉን ግን የምዋዋለው እኔ ነኝ።"

"እሺ አባባ" አለች።

"በሉ ይህን ነገር ዝጉልኝ አሁን።"