ወደ ውስጥ ያዘነበለው ቀዳዳ

ሰላሐዲን ዶሃ፣ አል ዱሃይል ሰፈር ውስጥ አንድ ቪላ ቤት በሾፌርነት ሲሠራ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ኮምቦልቻ እያለ ጎረቤቱ ሁሉ ዲሽ የሚያስተክለው እሱን ጠርቶ ነበር። ባለፈው ኅዳር ማዳም ለአማቷ ክፍል ቴሌቪዥን የሚያስገባ ሰው ስታፈላልግ፣ ለዚህ ብሎ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ አላት።

ዲሹን ጣሪያው ላይ አቆመ። ኬብሉን የግድግዳውን ጥግ አስይዞ፣ በየስንዝሩ በክሊፕ እየመታ ቀጥ አድርጎ አወረደው። ወደ ክፍሉ የሚያስገባውን ቀዳዳ ግን መሰላል ላይ ቆሞ ከውጭ ወደ ውስጥ ቁልቁል በሳው። ማዘንበል የነበረበት ወደ ውጭ እንደሆነ ያውቃል። ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ውሃው እንዲንጠባጠብ ጎበጥ ተደርጎ ይተዋል፣ ዙሪያው በሲሊኮን ይደፈናል፤ ይህንንም ያውቃል። የማዳምን ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያመጣበት ሰዓት ደርሶበት ነበር፤ ሲሊኮንም አልያዘም። ዶሃ ደግሞ መች ይዘንባል ብሎ ተወው። ከውጭ ሲታይ ያምር ስለነበር የማዳም ባል ባባ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አመሰገነው።

ጥር ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። ሐሙስ ጠዋት የአሮጊቷ ምንጣፍ ከግድግዳው ሥር እስከ አልጋው ድረስ ርሶ፣ የግድግዳው ቀለም አብጦ ተገኘ። ማዳም የተቆጣችው ጠይባን ነው። ጠይባ የቤቱ ሠራተኛ ናት፣ የሐይቅ ልጅ። ወለል ስታጥብ ባልዲ ደፍታ ደብቃለች ተባለች። ወላሂ አልደፋሁም ብትልም የሚሰማት አላገኘች፤ የጁምዓ ዕረፍቷ ተሰረዘ። በዚያ ጁምዓ አል ዋክራ የምትሠራ እህቷን ልትሰናበት ነበር። እህቷ ውሏ አልቆ ቅዳሜ ጠዋት አገር ቤት ትገባለች።

ሰላሐዲን የመኪና ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ኬብሉ ከገባበት ጀምራ ቁልቁል የወረደች ቢጫ መስመር ግድግዳው ላይ አየ። ከእሱ በቀር ያስተዋላት የለም። ሊናገር አፉን ከፈተና፣ ልጆቹ ይረፍድባቸዋል ብሎ ወጣ።

ቀትር ላይ ለማዳም እነግራታለሁ አለ፤ ከዚያ ከዐሱር በኋላ አለ። ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለስ ጠይባ ምንጣፉን ግቢ ውስጥ እያሰጣች ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። እንግዳ ስለመጣብን ነው የቀረሁት እያለች ትስቃለች። እሱ በጓሮ በኩል ዞሮ ገባ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ፣ ለማዳም ነገራት። ያባርሩኛል፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ይሰርዙብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ማዳም ቀዳዳውን አየች፣ እሱን አየች፣ «ኸላስ፣ አስተካክለው» ብላ ሄደች። ያን ያህል የፈራው ነገር ይህችው ብቻ ነበረች።

ጠይባን ልብስ ስታጣጥፍ አገኛት።

«አፉ በይኝ ጠይባ። ውሃው የገባው እኔ በበሳሁት ቀዳዳ ነው።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

ዛሬ ነው ሊላት ይችል ነበር።

«ያኔውኑ። በሩ ላይ ቆሜ።»

የያዘችውን ልብስ አጣጥፋ ጨረሰች። «እኔ እኮ ደፍቼ ረስቼው ይሆን እያልኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን ስጠረጥር ነበር» አለችው። ቀጣዩን ልብስ አነሳች።

የዚያን ቀን ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈነ። በማግስቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ቁልቁል አዲስ በሳ፣ ኬብሉን አጎበጠ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ሞላ። ሁለት ሰዓት አልፈጀበትም። ማዳም ለጠይባ የቀጣዩን ጁምዓ ሰጠቻት። ሰላሐዲን የፈለግሽበት ላድርስሽ አላት። የምሄድበት የለኝም ብላ ተኝታ ዋለች።

ሰላምታ አልነፈገችውም። የማዳምን መልእክት ስታደርስለት ግን ከዚያ ወዲህ የምታወራው እንደ ወትሮው በአማርኛ ሳይሆን በዐረብኛ ነው። እሱም ለምን ብሎ ጠይቋት አያውቅም።