ለውሻችን የበቃው አየር

ባለቤቴ ለዘመቻ ወደ ሰሜን ሲሄድ ከሁለት ሴት ልጆቻችንና ከአንድ ውሻ ጋር ቀረሁ። ቤታችን አምቦ፣ ሁሉቃ ወንዝ ዳር፣ ከጎረቤት ራቅ ያለ ነበር። "እሱ ሲጮህ ተነሺ፤ ዝም ካለ ተኚ" ብሎኝ ሄደ። እንዳለኝ አደርግ ነበር። ጅብም ይምጣ ሰው፣ የሚነግረኝ የዚያ ውሻ ድምፅ ብቻ ነው።

የምሠራው በእንስሳት ክሊኒክ ነበር። አጸዳለሁ፤ ስሪንጋና መቀስ እቀቅላለሁ። እናቴ ጊንጪ ገበያ እህል ትሸጥ ስለነበር ልጅነቴን ያሳለፍኩት ከቁናዋ አጠገብ ነው። ቁናው ሞልቶ ከተከመረ በኋላ በእፍኟ ምርቃት ታክልበታለች። ሳይመርቁ መሸጥ ነውር ነበር። እጄ የለመደው ይህን ነው።

በመስከረም፣ እሸት በደረሰበት ሰሞን፣ ውሻው የበቆሎ ቆረቆንዳ ዋጠ። ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም፤ ውሃ ሲጠጣም ያስታውከዋል። አርብ ጠዋት በጆንያ ጠቅልዬ ተሸክሜው ወደ ክሊኒኩ ወጣሁ። ኦቦ ብቻ ብለን የምንጠራቸው ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር፣ መንገድ ላይ አገኙኝ። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ካሉኝ በኋላ፣ ለውሻም አልጋ ልትይዢለት ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ።

ዶክተሩ ሆዱን ዳበሱና ቆረቆንዳው በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት አሉ። ረዳታቸው ለከብት ክትባት እንጭኒ ሄዷል። ዶክተሩ በዕድሜ ከእኔ ያንሱ ስለነበር እትዬ ይሉኛል። "ዛሬ የምትረጂኝ አንቺ ነሽ፣ እትዬ" አሉኝ።

ማደንዘዣው ሲወጋ ውሻው ተዘረረ። ዶክተሩ አፉን ከፍተው፣ ምላሱን ስበው፣ የጎማ ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው አስገቡ። ቱቦው ወደ ጫፉ አካባቢ ውስጥ ገብቶ የሚነፋ ትንሽ ፊኛ አለው። ፊኛው ተነፍቶ ዙሪያውን ካልዘጋ ከሆዱ የሚመለሰው ፈሳሽ ወደ ሳንባው ይገባል ብለው አስረዱኝና ፊኛውን የምነፋበትን ስሪንጋ ሰጡኝ። ከአፉ ውጭ በቀጭን ቱቦ የተንጠለጠለ ሌላ ፊኛ አለ፤ የውስጡ ሲነፋ እሱም አብሮ ይነፋል።

ስሪንጋውን አየር ሞልቼ ሁሉንም ገፋሁት። የውጭው ፊኛ እንደ ኳስ ጠነከረ። ደስ አለኝ። ደግሜ ትንሽ ጨመርኩበት።

ዶክተሩ ፊኛውን በሁለት ጣታቸው ያዝ ሲያደርጉ ፊታቸው ተለወጠ። ፈጥነው አየሩን መልሰው ሳቡት።

"መረቅሽለት?" አሉኝ። "እዚህ ምርቃት የለም፣ እትዬ። የአየር ቧንቧው ውስጡ ስስ ነው። ከተጫንሽው ደም አይደርሰውም፤ ይቆስላል።"

"መጮኽ ያቅተው ይሆን?"

"ሲነቃ እናያለን።"

ከዚያ ጆሮዬን ወደ ውሻው አፍ እንዳስጠጋ ነገሩኝ። አመነታሁ። ጾም ነበር፤ ደግሞም የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ቤተ ክርስቲያን አይገባም ተብዬ ነው ያደግሁት። ነጠላዬን አውልቄ ምስማር ላይ ሰቀልኩና ጎንበስ አልኩ። ዶክተሩ ከቱቦው ጋር የተያያዘውን የላስቲክ ከረጢት በቀስታ ሲጨምቁት አየር በቱቦው ዙሪያ ሲያመልጥ ሰማሁ፤ ከተዘጋ በር ስር እንደሚገባ ነፋስ ነው። ጥቂት ገፋሁ። ድምፁ ቀጠነ። ሌላ ጥቂት ገፋሁ።

"ድምፁ ሲቆም አንቺም ቁሚ" አሉኝ።

ቆመ። እጄም ቆመ። ከስሪንጋው አየር ገና ግማሹ አልወጣም። የውጭው ፊኛ ስነካው እንደ ልጅ ጉንጭ ለስላሳ ነበር። የውሻው ደረት ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ።

በሕይወቴ ብዙ ጸሎት ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ዝምታ ግን ሰምቼ አላውቅም። እግዚአብሔር በዚያ ስስ ቧንቧ የሚያመላልሰውን ትንፋሽ በጆሮዬ አጠገብ አገኘሁት። የራሴም ትንፋሽ እንዲሁ ሲመላለስ መኖሩን፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳላመሰገንኩበት አሰብኩ። ዶክተሩ እጃቸውን ታጥበው ሥራቸውን ሲቀጥሉ፣ እኔ ዓይኔን ከደረቱ ላይ አላነሳሁም።

ቆረቆንዳው ወጣ። ከሰዓት በኋላ ውሻው ነቃ፤ ቱቦውም ወጣለት። ሳል ብቻ ነበረው። ቤት ወሰድኩት። ቅዳሜ ውሃ ጠጣ፣ ጅራቱን ወዘወዘ፤ ድምፅ ግን የለም። ትንሿ ልጄ አፉን ከፍታ ልታይለት ትሞክር ነበር። እኔ ያቺን የጨመርኳትን አየር እያሰብኩ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሆነውን ሁሉ ዶክተሩ ክሊኒኩ ውስጥ አውርተውት ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ኦቦ ቅዳሜ ማታ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ጆሮሽን ሰጠሽው አሉ። ታዲያ ምን አለሽ?"

"በቃኝ አለኝ" አልኳቸው።

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ኦቦ በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እሸት ይዘውልን መጥተው ወደ ግቢ ሊገቡ ሲሉ ነው ውሻው ከቤቱ ጥግ ብድግ ያለው። መጀመሪያ ሳለ። ከዚያ ጮኸ፤ ሻከር ያለ ነው፣ ግን ድፍን ሠፈር ይሰማዋል። ኦቦ እሸቱን እንደታቀፉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ያዢልኝ እንጂ!"

አልያዝኩትም። በሩ ላይ ተንበርክኬ ነበር። ያን ሌሊት ዝም ሲል ተኛሁ።