በየሳምንቱ የሚዞረው አንቴና

አባቴ ቄስ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለችው ደቅ ደሴት ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት በሶላር የሚሠራ ቴሌቪዥንና ዲጂታል መቀበያ ከባሕር ዳር ገዝቼ ወሰድሁላቸው። ግቢያቸው ውስጥ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክዬ አንቴናውን በባሕር ዳሩ ማሰራጫ አቅጣጫ አሰርሁት። ሥዕሉ ጥርት ብሎ መጣ።

በሳምንቱ ደወሉና «ሥዕሉ ጠፋ» አሉኝ። ቅዳሜ ባሕር ዳር ከምሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ በጀልባ ሄድሁ። አንቴናው ከባሕር ዳር በተቃራኒ ወደ ጎርጎራ ዞሯል። አስተካክዬው ተመለስሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ዞረ፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው አለቃዬ ፈቃድ ስለከለከለኝ ከእሱ ጋር ተጣልቼ መጣሁ።

አሁንም ዞሮ ሳገኘው ደሜ ፈላ። በአጥር የሚዋሰኑንን ጎረቤት አቶ ሙሉን አስጠርቼ፣ «ምሰሶውን የሚያዞሩት እርስዎ ነዎት። ምቀኝነት ካልሆነ ምን አደረግንዎት?» ብዬ ጮኽሁባቸው። ሰውዬው አንዴ እኔን አንዴ አባቴን አዩና አንገታቸውን ደፉ።

አባቴ ከደጃፉ ሆነው፣ «ተዋቸው፣ እኔ ነኝ ያዞርሁት» አሉ።

«ለምን?» አልሁ፣ ንዴቴ ሳይበርድ።

«ይኼ ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊት በዓመት ስንት ጊዜ መጣህ?» አሉኝ።